ኬክን ለመጀመሪያ ጊዜ በፎንዳንት መሸፈን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች ቤቴ እየመጡ ኬክ መሥራት ከሚማሩ ሰዎች አፍ ደጋግሜ የሰማኋቸው ናቸው። መልሶቹን ያዘጋጀሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ በተራ የቤት ማእድ ቤት፣ ዲያሜትሩ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ክብ ኬክ ለሚሸፍን ሰው ነው። ኬክዎ ከዚህ የሚለይ ከሆነ መጠኑን እንዴት እንደሚያሰሉ በቦታው ተገልጿል።

ፎንዳንት ምንድን ነው? ሚልፎይ ላይ የሚፈሰውም ፎንዳንት ሲባል ሰምቻለሁ።

ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ስሙ «መቅለጥ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ግስ የመጣ ሲሆን የሚፈሰው ዓይነት የሚዘጋጀው ስኳርና ውሃ ተፈልቶ፣ ቀዝቀዝ ካለ በኋላ እስኪነጣ ድረስ በመማሰል ነው። ኬክ የምንሸፍንበት ግን እንደ ሊጥ የሚታሽና በመዳመጫ የሚዳመጥ ነው። አብዛኛው አካሉ የዱቄት ስኳር ሲሆን፣ ግሉኮስ ሽሮፕ ስኳሩ ተመልሶ እንዳይሻክር ይከላከላል፤ ጄላቲን ወይም የዕፅዋት ሙጫ ሳይቀደድ እንዲለጠጥ ያደርገዋል፤ ግሊሰሪን እርጥበቱን ይይዝለታል፤ ጥቂት ቅባት ደግሞ እጅ ላይ እንዳይጣበቅ ይረዳል። እነዚህን አራት ሥራዎች ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ፎንዳንት ሲያስቸግር ብዙውን ጊዜ ያስቸገረው ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ወይም ሲበዛ ነው።

ከፎንዳንቱ ሥር ምን ዓይነት ኬክና ምን ዓይነት ክሬም መኖር አለበት?

ከሁሉም ጥያቄዎች ትልቁ ይህ ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ኬኩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ፎንዳንት ይሸፍናል እንጂ አይደብቅም። ከሥሩ ያለ ጉብታ፣ የጎደለ ጠርዝ ወይም በክሬም ያልተሞላ ክፍተት ሁሉ ከላይ ይታያል፤ እንዲያውም ነጩ ገጽ ጥላውን አጉልቶ ያወጣዋል። ስለዚህ ከሥራው አብዛኛው የሚያልቀው ፎንዳንቱ ከማሸጊያው ሳይወጣ ነው።

ኬኩ ክብደት የሚችል መሆን አለበት። ፓንዲስፓኛ በሽሮፕ ርሶ ሲበላ ደስ ይላል፤ ነገር ግን አንድ ኪሎ የሚጠጋ ስኳር ሲጫንበት ይሟሽሻል። ቅቤ የገባበት ቫኒላ ወይም ቸኮሌት ኬክ የተሻለ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ በዚህም ምክንያት ኬክ ቶሎ ይነሣል፤ መሐሉም ጎብጦ ወይም ሰርጎድ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ጉብታ ካለው በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ በመጋዝ ጥርስ ቢላዋ ቆርጠው ደልዳላ ያድርጉት፤ የተቆረጠውን ልጆች ይጨርሱታል።

በኬኩና በፎንዳንቱ መካከል የሚቀባው በተር ክሬም (ከዱቄት ስኳር ጋር የተመታ ቅቤ) ወይም ጋናሽ (በሞቀ ክሬም የቀለጠ ቸኮሌት) ሊሆን ይችላል። ለተባለው ኬክ 300 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤና 600 ግራም የዱቄት ስኳር መሐሉን ሞልቶ ውጩን ለመቀባት ይበቃል። ጋናሽ ከመረጡ ለጥቁር ቸኮሌት ሁለት እጅ ቸኮሌት ለአንድ እጅ ክሬም፣ ለነጭ ቸኮሌት ደግሞ ሦስት እጅ ለአንድ እጅ ይመዝኑ። ጋናሽ ሲረጋ እንደ ግድግዳ ስለሚጠነክር ለጀማሪ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። እንደ ድሬዳዋ ባሉ ሞቃት ከተሞች ደግሞ በተር ክሬም ቶሎ ስለሚለሰልስ ምርጫው ያን ያህል ሰፊ አይደለም።

የተመታ ትኩስ ክሬም (የወተት ክሬም) ግን ፈጽሞ አይሆንም። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። የመጀመሪያው የፎንዳንት ኬኬ ለእህቴ ልጅ ምርቃት የሠራሁት ሲሆን፣ ቤተሰቡ የሚወደው እሱን ነው ብዬ ከሥሩ ትኩስ ክሬም ቀባሁበት። ጠዋት ላይ እንከን አልነበረውም። ከሰዓት በኋላ ፎንዳንቱ ከክሬሙ ውሃ እየሳበ ላበው፤ ከጎን በኩል ቀስ እያለ ወርዶ ግርጌው ላይ እንደ መቀነት ወፍሮ ተጠቀለለ፤ በጎኑ የለጠፍኩት «እንኳን ደስ አለሽ» የሚለው ጽሑፍም ፊደል በፊደል አብሮ እየወረደ፣ ኬኩ ሊቆረጥ ሲል «ደስ» ብቻ ቦታው ላይ ቀርቶ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ትኩስ ክሬም አብዛኛው ውሃ ነው፣ ስኳር ደግሞ ውሃ ባገኘበት ሁሉ ይሟሟል። እንደ አናናስና እንጆሪ ያሉ ውሃ የሚያወጡ ፍራፍሬዎችም በመሐል ሲገቡ የሚያደርሱት ጉዳት ተመሳሳይ ነው።

ምን ያህል ፎንዳንት ያስፈልገኛል? ውፍረቱስ?

የኬኩን ዲያሜትርና የቁመቱን ሁለት እጥፍ ይደምሩ፤ ለመከርከሚያ 5 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩበት። ለእኛ ኬክ 20 ሲደመር 20 ሲደመር 5 ሲሆን፣ 45 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ያስፈልጋል ማለት ነው። ስሌት የማይወድ ሰው አንድ ክር ከግርጌው ጀምሮ በኬኩ አናት ላይ አሳልፎ ወደ ሌላኛው ግርጌ ያውርድ፤ የክሩ ርዝመት ለኬኩ የሚበቃውን ስፋት ይነግረዋል።

ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። በ3 ሚሊ ሜትር ወደ 700 ግራም፣ በ4 ሚሊ ሜትር ደግሞ ወደ 900 ግራም ይፈጃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው አንድ ኪሎ ይያዝ፤ አጥሮ ጎን ላይ ከሚቀር ተርፎ ቢቀመጥ ይሻላል። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ሲሳሳ የክሬሙ እጥፋት ሁሉ ያሳብቅበታል፣ ጠርዝ ላይም ይቀደዳል፤ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ሲወፍር ደግሞ የራሱ ክብደት ይጎትተዋል፣ የሚበላውም ሰው ስኳር እንደ ነከሰ ይሰማዋል።

የታሸገውን ልግዛ ወይስ ቤት ላዘጋጅ?

ለመጀመሪያው ኬክ የታሸገ ይግዙ፤ ምንም እንኳ ከውጭ የሚገባው ዋጋው የሚያስደነግጥ ቢሆንም። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ሲማሩ የትኛው እንደ ተበላሸ ለማወቅ ይቸግራል፤ ፎንዳንቱ የተቀደደው እጅዎ ስላልለመደ ነው ወይስ ዝግጅቱ ስለ ጎደለው?

ቤት ማዘጋጀቱ ግድ ከሆነ፣ 10 ግራም የዱቄት ጄላቲን በ60 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ በትነው ለ5 ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ ጎድጓዳ ሣህኑን ሙቅ ውሃ ባለበት ድስት ላይ አስቀምጠው ጄላቲኑ እስኪሟሟ ድረስ ያሙቁት፤ መፍላት ግን የለበትም። 160 ግራም ግሉኮስ ሽሮፕ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ግሊሰሪንና ሾርትኒንግ ከሚባለው ነጭ የአትክልት ቅባት 30 ግራም ይጨምሩበት። ይህን አንድ ኪሎ ከሚሆን የተነፋ የዱቄት ስኳር ሦስት አራተኛው ላይ ገልብጠው ያማስሉ፤ የቀረውን ስኳር ሲያሹ በጥቂት በጥቂቱ ያስገቡ፤ ሁሉም ላያስፈልግ ይችላል። በመጨረሻም ቅባት በተቀባ የምግብ ፕላስቲክ ጠቅልለው አየር በማያስገባ ዕቃ ውስጥ ያሳድሩት። ሲያድር ስኳሩ እርጥበቱን እኩል ስለሚጠጣ በማግስቱ የሚያገኙት ሌላ ፎንዳንት ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። ተራ ስኳር ቤት በመፍጫ ተፈጭቶ የዱቄት ስኳርን ይተካል የሚባለው ለሻይ ኬክ ካልሆነ ለፎንዳንት አይሠራም፤ ጣት የማይለየው ቅንጣት እንኳ ሲዳመጥ ገጹን ይቧጭረዋል። ፋርማሲ ለቆዳ ቅባት የሚሸጠው ግሊሰሪንም ለምግብ እንደሚሆን በጠርሙሱ ላይ ካልተጻፈ ኬክ ውስጥ መግባት የለበትም።

ለጾም ይሆናል? ለሙስሊም እንግዶችስ?

ቁልፉ ጄላቲን ነው። ጄላቲን የሚወጣው ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ሲሆን ምንጩ ከብት ወይም አሳማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጄላቲን ያለበት ፎንዳንት የጾም ሊሆን አይችልም፤ ለሙስሊም እንግዳም ምንጩ ሐላል መሆኑ በማሸጊያው ላይ ሳይረጋገጥ አይቀርብም። ማርሽሜሎን በዱቄት ስኳር አሽቶ የሚሠራው ፎንዳንትም ማርሽሜሎው ራሱ ብዙውን ጊዜ ጄላቲን ስላለበት በዚሁ ሕግ ይዳኛል።

ደግነቱ ከታሸጉት ውስጥ በጄላቲን ፈንታ የዕፅዋት ሙጫ የገባባቸው አሉ። በማሸጊያው ላይ ትራጋካንት ወይም ኢ 413፣ ሲ ኤም ሲ ወይም ኢ 466 የሚል ተጽፎ ጄላቲን የሚለው ስም ከሌለ አንድ ደረጃ አልፈዋል ማለት ነው፤ ከዚያ የወተት ተዋጽኦ አለመኖሩን ያንብቡ። ግሊሰሪን ከዕፅዋትም ከእንስሳትም ሊመጣ ስለሚችል ጥንቁቅ ጿሚ ይህንንም ይጠይቃል። ከሥሩ የሚቀባውም መታሰብ አለበት፤ ማርጋሪን ሁሉ የጾም አይደለም፣ አንዳንዱ የወተት አጓት ይገባበታል። ለጾም ልደት ብዙውን ጊዜ የምሠራው ወተት ከሌለው ጥቁር ቸኮሌትና ወፍራም የኮኮናት ወተት የተዘጋጀ ጋናሽ ነው።

የመሸፈኑ ሥራ ራሱ እንዴት ይከናወናል?

በመጀመሪያ ኬኩን ያዘጋጁ። ክሬሙን ሁለት ጊዜ ይቀባሉ፤ የመጀመሪያው ስስ ቅብ ፍርፋሪውን ይይዛል፣ ሲረጋ የሚደረበው ሁለተኛው ደግሞ ቅርጹን ያወጣል። በተር ክሬም የተቀባውን ኬክ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆዩት፤ በጣት ሲነካ የማይሰረጉድ፣ ግን በረዶ ያልሆነ መሆን አለበት። እጅግ ከቀዘቀዘ ፎንዳንቱ ሥር ያልበዋል። ጋናሽ የተቀባው በክፍሉ ሙቀት ቢያድር ይበቃዋል፤ ፎንዳንቱ እንዲይዝለት ከመሸፈኑ በፊት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ የረጠበ ብሩሽ በስሱ ያሳልፉበታል። «በስሱ» የሚለውን ቃል አደራ፤ ውሃው ኩሬ ከሠራ ፎንዳንቱ ይንሸራተታል።

ሰዓትና ቀለበት ያውልቁ፣ እጅጌ ይሰብስቡ። የሱፍ ሹራብና ነጠላም በዚያ ሰዓት ከትከሻ ይውረዱ፤ ነጭ ፎንዳንት ላይ ያረፈች አንዲት የክር ብናኝ ከሩቅ ትታያለች፣ በጣት ልልቀማት ሲሉ ደግሞ ይበልጥ ትገባለች።

ፎንዳንቱን እስኪለሰልስ ድረስ ለጥቂት ደቂቃዎች ያሹት። ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ የበቆሎ ስታርች በስሱ ነስንሰው ከመሐል ወደ ውጭ ይዳምጡት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ መዳመጫውን ባስኬዱ ቁጥር ፎንዳንቱን ሩብ ዙር ያዙሩት። ይህም ክቡን ክብ አድርጎ ያቆየዋል፣ ጠረጴዛው ላይ መጣበቁንም በጊዜ ያሳውቅዎታል። አይገልብጡት፤ ከላይ ያለው ገጽ እስከ መጨረሻው ከላይ ይሁን። ስፋቱ ሲበቃ መዳመጫው ላይ በልቅ ጠቅልለው ከኬኩ አንድ ጠርዝ ጀምረው ወደ ሌላው እየፈቱ ያልብሱት።

ከዚህ በኋላ ያለዎት ጊዜ 10 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ ገጹ ይደርቅና አልታዘዝ ይላል። መጀመሪያ አናቱን በመዳፍዎ ከመሐል ወደ ጠርዝ እየዳበሱ አየሩን ያስወጡ። ወዲያው የላይኛውን ጠርዝ ዙሪያውን በመዳፍ ይያዙት፤ የተንጠለጠለው ፎንዳንት ሁሉ የሚጎትተው ይህን ጠርዝ ስለሆነ ቀድሞ የሚቀደደው እዚያ ነው። ከዚያ ጎኑ ይቀጥላል። ግርጌው ላይ ፎንዳንቱ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ይተጣጠፋል፤ ጀማሪ ሁሉ እጥፋቱን ተጭኖ ሊያጠፋው ይሞክራል፣ የተጫኑት እጥፋት ግን መስመር ሆኖ ይቀራል። የሚደረገው የቀሚሱን ጫፍ በአንድ እጅ በቀስታ ወደ ውጭ ከፈት አድርጎ ሽንሽኑን መፍታት፣ በሌላው እጅ መዳፍ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ማስጠጋት ነው። ወደ ታች መጎተት የለም። ኬኩን በማዞሪያ (በሚሽከረከር የኬክ ማስቀመጫ) ላይ ጥቂት በጥቂቱ እያዞሩ ይህንኑ ይደጋግሙ።

ትርፉን በመጀመሪያ አንድ ሴንቲ ሜትር አስቀርተው ይቁረጡ፤ በማለስለሻ (ገጹ በሚታሽበት ጠፍጣፋ ፕላስቲክ) አናቱንና ጎኑን ካሻሹ በኋላ ፎንዳንቱ ትንሽ ስለሚወርድ የመጨረሻውን ክርከማ ያኔ ያደርጋሉ። ማለስለሻ ከሌለዎት ከራሱ ከፎንዳንቱ ትርፍ አንድ ድቡልቡል ሠርተው፣ አንድ ፊቱን በስታርች ለስላሳ ካደረጉ በኋላ ማሻሸት ይችላሉ፤ ከብዙ የፕላስቲክ ማለስለሻ ይሻላል።

እጅን ለማለማመድ ኬክ መጋገር አያስፈልግም። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ንጹሕ ድስት ገልብጠው በቅባት ወልውለው ይሸፍኑ፤ ካልሆነልዎ ገፈው፣ አሽተው እንደገና ይሞክሩ። ሦስት ጊዜ ድስት የሸፈነ ሰው ኬኩ ላይ እጁ አይንቀጠቀጥም።

ፎንዳንቱ ይሰነጣጠቃል ወይም ይጣበቃል፤ ምን ላድርግ?

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ዋናው ችግር መሰነጣጠቅ ነው፤ ጠርዙ ዝናብ ያጣ መሬት ይመስላል። ሲያሹት እጅዎን ጥቂት ሾርትኒንግ ይቀቡ፤ ካልበቃው ሁለት ሦስት ጠብታ ግሊሰሪን ያክሉበት፣ ያላዳመጡትንም ዘወትር በፕላስቲክ ይሸፍኑ። ብዙ ስታርች መነስነስም ያደርቀዋል። ክረምት ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ይጣበቃል፤ ያኔ ጥቂት የተነፋ የዱቄት ስኳር እያስገቡ ያሹት፣ ሥራውንም የሚፈላ ድስት ከሌለበት ክፍል ያድርጉት።

ጠርዙ ላይ ትንሽ ከተቀደደ፣ ከትርፉ ቁራጭ ወስደው በጥቂት ውሃ እስኪላቁጥ አላቁጠው ስንጥቁን ይሙሉና በጣት ያሻሹት። ትልቅ ከሆነ በዚያ ቦታ አበባ ይበቅላል። የኬክ አበቦች ለምን በአንድ ጎን እንደሚበዙ ጠይቀው የሚያውቁ ከሆነ መልሱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

አናቱ ወይም ጎኑ ላይ እንደ ፊኛ የሚነፋው ለምንድን ነው?

ትንሽ ከሆነ በሽፈና ጊዜ የገባ አየር ነው፤ በንጹሕ ቀጭን መርፌ በአግድም ወግተው አየሩን ወደ ቀዳዳው እየገፉ ያስወጡ፤ ስቲኪኒ ቀዳዳው ስለሚሰፋ አይመረጥም። በማግስቱ ጎኑ ላይ ዙሪያውን የሚወጣው ጉብታ ግን ሌላ ነው፤ የተደራረበው ኬክ ከፎንዳንቱ ክብደት ሥር ሲረጋ መሐል ያለውን ክሬም ወደ ውጭ ስለሚገፋው የሚመጣ ነው። መፍትሔው አስቀድሞ ነው፤ የተሞላውን ኬክ ከመቀባትዎ በፊት በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ ከላዩ ቀለል ያለ ትሪ ጭነው ያሳድሩት።

ከተሸፈነ በኋላ ፍሪጅ ይግባ?

በተር ክሬም ወይም ጋናሽ ብቻ ያለበት ኬክ በአዲስ አበባ አየር፣ ፀሐይ ከማይነካው ቀዝቃዛ ክፍል በካርቶን ውስጥ አንድ ቀን ያለ ፍሪጅ ይቆያል፤ እኔም አላስገባውም። ከፍሪጅ የወጣ ፎንዳንት የክፍሉ እርጥበት ያርፍበትና ያብረቀርቃል፣ ይጣበቃል፣ ቀለም ካለውም ቀለሙ ይወርዳል። ማስገባቱ ግድ ከሆነ በካርቶን ዘግተው ያስገቡ፤ ሲወጣም ካርቶኑን ሳይከፍቱ ሁለት ሦስት ሰዓት ይተዉት፤ ጤዛው በካርቶኑ ላይ ያርፋል። አልቦት ከተገኘ አይንኩት፤ በደረቅ ክፍል ራሱ ይደርቃል።

ቀለሙን እንዴት ላግባ?

በጄል የምግብ ቀለም፣ በስቲኪኒ ጫፍ እየነከሩ። ውሃማ ቀለም ፎንዳንቱን ያላቁጠዋል። ቀለሙ ሲያድር ስለሚደምቅ ከሚፈልጉት ትንሽ ፈዘዝ ሲል ያቁሙ። ቀይና ጥቁር ብዙ ቀለም ስለሚፈልጉና ሊመሩ ስለሚችሉ እነዚህን ቀለማቸው ተዘጋጅቶ የተሸጡትን ይግዙ።

ሰው ገፎ ይጥለዋል ይባላል፤ ታዲያ ምን ይጠቅማል?

ብዙ ሰው ይገፈዋል፤ አልቀየምም። ሥሩ በቂ ክሬም ካለ የገፈፈውም ሰው ሙሉ ኬክ ይበላል። ጣዕሙ ያነሰ መሆኑን ያመነ ሰው ግን ስስ አድርጎ ይዳምጣል፣ ጥቂት ቫኒላም ያሽበታል፤ ያኔ የሚገፈው ሰው ይቀንሳል።

የመጀመሪያ ኬኬን በመሶብ ቅርጽ ብሠራስ? ለመልስ ነበር የፈለግኩት።

ይቆይ። የመሶብ ኬክ ክዳኑ ሾጣጣ፣ ወገቡ ቀጭን፣ ግርጌው ሰፊ በመሆኑ አንድ ወጥ ፎንዳንት በላዩ ሊለብስ አይችልም፤ ሦስቱ ክፍሎች ለየብቻ ይሸፈናሉ፣ ከውስጥም ክብደቱን የሚሸከም ዘንግ ይተከልለታል። አራት ማዕዘን ኬክም ቢሆን ማዕዘኖቹ ቀድመው ስለሚቀደዱ ሁለተኛው እንጂ የመጀመሪያው ባይሆን ይመረጣል። መልሱ ከደረሰና ሌላ ሠሪ ከሌለ፣ ክቡን ኬክ በነጭ ይሸፍኑና ግርጌውን ከባለቀለም ፎንዳንት በተቆረጠ የጥበብ ጥለት ይዙሩት፤ ጥለቱ የግርጌውን ክርከማ ስለሚሸፍንልዎ ከሁሉም ማስጌጫ ለጀማሪ የሚያዝነው እሱ ነው።

ወደ ግብዣው ቦታ እንዴት ላድርሰው?

መኪና ውስጥ ወንበር ላይ አይቀመጥም፤ ወንበር ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ደልዳላ በሆነው የመኪናው ወለል ወይም የኋላ ዕቃ መጫኛ ላይ፣ ከሥሩ የሚያንሸራትት እንዳይሆን የጎማ ምንጣፍ ተነጥፎለት፣ በካርቶን ውስጥ ይሂድ። በእቅፍ ይዞ መሄድ ከሁሉ የተሻለ ይመስላል፣ ነገር ግን የሰው ገላ ይሞቃል፣ እጅም ይዝላል። ከኬኩ ጋር በትንሽ ዕቃ የታሸገ አንድ ቁራጭ ፎንዳንት፣ መርፌና ብሩሽ ይያዙ፤ መንገዱ ያደረሰውን ጉዳት ግብዣው ቤት ጓዳ ገብተው በ5 ደቂቃ ይጠግኑታል።